የልጆቻችንን ሽሮ መልሱ

ሰሞኑን ልጄ ከሚማርበት የባሕር ዳር መዋለ ሕፃናት በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ አንድ ማስታወሻ ደረሰን። ከእንግዲህ ወጥ ያለበት ምግብ አትላኩ ይላል። ወጥ ልብስና ምንጣፍ ያበላሻል። ልጆቹም ስለማይበሉት ምሳ ዕቃው እንደሞላ ይመለሳል። ስለዚህ የሚወዱትን ደረቅ ነገር ላኩ። ደረቁ ነገርም ተዘርዝሯል፦ ብስኩት፣ ኬክ፣ ቺፕስ። የታሸገ ጁስም ተጨምሮበታል።

ከስር ወላጆች በአውራ ጣት አጸደቁት። ተመስገን፣ ተገላገልን ያለም አለ። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ከልብሱ ልጀምር። የአራት ዓመት ልጅ ልብሱን ያቆሽሻል። በጭቃም ያቆሽሻል፣ በቀለምም ያቆሽሻል። ቀለም ልብስ ያበላሻል ተብሎ ግን ሥዕል አልተከለከለም። ሽርጥ የሚባል ነገር አለ። ሳሙናና ውኃም አለ። ለዩኒፎርም ሲባል የልጅ ምግብ የሚቀየር ከሆነ እዚያ ግቢ ውስጥ ማን ለማን እንደሚያገለግል ጠፍቶናል ማለት ነው። ደግሞስ ወጥ ካስቸገረ ደረቅ ፍርፍር የለም? ቂጣ የለም? የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ የለም? ደረቅ ምግብ ሲባል ከሱቅ መደርደሪያ ሌላ ትዝ ያላለው ሰው ስለ ልጆች ምግብ መመሪያ ባይጽፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። "የሚወዱትን ላኩ።" አንድ ልጅ የሚወደውን ከየት አመጣው? ሽሮ የሚጠላ ሆኖ አልተወለደም። ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ አዲስ ምግብ መፍራት የተለመደ ነው። በዚያ ላይ ዕድገቱ ይቀንሳል። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። እናት ይህን ስታይ ትደነግጣለች። ልጄ እህል አልቀምስ አለ ትላለች። ማንኪያ ይዛ ትከተለዋለች፣ ስልክ ላይ ካርቱን ትከፍትለታለች፣ በመጨረሻ ብስኩቱን ትሰጠዋለች። ልጁም ትምህርቱን ወሰደ፦ እምቢ ካልኩ ብስኩት ይመጣል።

አዲስ ምግብ አንድ ልጅ ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። እኛ በሦስተኛው ተስፋ እንቆርጣለን። ትምህርት ቤቱማ ሳይጀምረው ተወው።

የሚያበግነኝ ይኼ ነው። ምግብ የሚመርጥን ልጅ ለመርዳት ከክፍል ጓደኞቹ የተሻለ መምህር የለም። ሊያን በርች የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመችው ጥናት አለ። አንዱን አትክልት የሚወዱ ሕፃናትን ሌላውን አትክልት ከሚወዱ ልጆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕፃናቱ ጓደኞቻቸው የሚመርጡትን መምረጥ ጀመሩ። የለመነ የለም። የተቆጣም የለም። አብሮ መቀመጥ ብቻ በቃ።

አያቶቻችን ጥናት ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ልጆች አንድ ገበታ ይከባሉ። ታናሹ የታላቁ እጅ ጎመኑ ላይ ሲያርፍ ያያል፣ የእሱም እጅ ይከተላል። ለእሱ ብቻ የተለየ ምን ልሥራለት ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ አባይ ማዶም ሆነ መሀል ከተማ ልጁ ቴሌቪዥን ፊት ለብቻው ይበላል። አባት ውጭ፣ እናት ሥራ ላይ። እናቶችን አልወቅስም። ግን ሃያ ሰላሳ ልጅ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚበላበት የቀረን ቦታ ትምህርት ቤቱ ነው። እሱም ሃያውንም ሰላሳውንም ብስኩት አስያዛቸው። ሽሮ የሚበላው ልጅ እንኳ ነገ ቺፕስ ካልሆነ ብሎ ያለቅሳል። በርች ያሳየችውን ኃይል አገላብጠው ልጆቻችን ላይ አዋሉት።

ታዲያ በግድ እናጉርስ ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሌላ ጥናት ሾርባችሁን ጨርሱ እየተባሉ የተገፋፉ ሕፃናት ካልተገፋፉት ያነሰ ነው የበሉት። ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ ማለትም ጎመኑን ቅጣት ያደርገዋል። ኤሊን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ነገሩን አሳጥራዋለች፦ ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን የሚወስነው ልጁ ነው። ማስታወሻው ግን የአዋቂውን ድርሻ ለአራት ዓመት ሕፃን አስረክቧል።

ከሚራብ ብስኩት ቢበላ አይሻልም ወይ የሚለው ደግሞ ከሁሉ የደከመው ክርክር ነው። አራት ሰዓት ላይ ጁስና ብስኩት የሞላው ሆድ ስድስት ሰዓት ላይ ምን ምሳ ያምረዋል? እንዲህ እያልን አይበላም ብለን እናማዋለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል። መቀንጨር የሆድ ባዶነት ብቻ አይደለም፤ ምግቡ አንድ ዓይነት ሲሆንም ይመጣል። ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ይህን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም።

ያውም የምንኖረው የት ነው? የፎገራ ወተት፣ የመራዊ ድንችና ጎመን ቅርባችን ነው። ቅዳሜ ገበያ ማንጎና ፓፓያ ሞልቷል። ጣና ዳር አድጎ ቆሮሶ ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ልጅ ማየት ያሳፍራል። እሾህ ካስፈራን ፊሌቶ አለ፤ በጣት እየዳሰሱ ለቅሞ መስጠት ነው።

የሚያንቀው፣ ሲውጥ የሚያመው ወይም ክብደት የሚቀንስ ልጅ ካለ ሐኪም ይየው። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። የቀረው ልጅ ሁሉ የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ማስታወሻው ይነሳ። ብስኩትና ጁስ ከግቢው ይውጡ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው በክብ ይቀመጡ፤ መምህሯም ያንኑ ምግብ ይዛ መሀላቸው ትብላ። ሽርጡንና ሳሙናውን እኛ ወላጆች አዋጥተን እንገዛለን። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይህንኑ በአጀንዳ አስይዛለሁ፤ በአውራ ጣት ያጸደቃችሁም ኑና ፊት ለፊት ተከራከሩኝ።