በትልቁ ነፋስ ሌሊት ድንች የበሉ ሰዎች

በ1901 በተደረገው የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ 55 ዓመቴ ነው ያለ ገበሬ በ1911 ስንት ዓመት የሆነው ይመስላችኋል? 65 ያለ ተሳስቷል። 71 ነው። ሚስቱም አብራው አርጅታለች። ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። ወረርሽኝ አልገባም፣ ድርቅም አልነበረም። የገባው ጡረታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አየርላንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በ1908 የአረጋውያን ጡረታ ሕግ አወጣ። ዕድሜው 70 የሞላ ድሃ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1909 ጀምሮ በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ይከፈለዋል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደኛው ልመልሰው ብል ሽማግሌዎቹን ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ላደርጋቸው ነው። ጡረታቸውን አላስቀርም።)

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነበር። በአየርላንድ የሁሉም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው። በ1909 ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ የተወለደ ነው። የልደት ወረቀት ከየት ያምጣ? ስለዚህ ትዝታ እንደ ወረቀት ተቆጠረ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1839 ሌሊት ሀገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያተራመሰ ማዕበል ነበር። ጣሪያ ነቅሏል፣ ዛፍ ጥሏል፣ ሰው ገድሏል። ሕዝቡ «ትልቁ ነፋስ» ይለዋል። ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው 70 ሞልቶታል ማለት ነው። ወሬው ሲሰማ የሀገሩ ሽማግሌ ሁሉ አስታወሰ። መልሱም አንድ ዓይነት ሆነ፦ «በትልቁ ነፋስ ሌሊት ድንች በእጄ ይዤ በልቻለሁ።» ሒሳቡ እንከን የለውም። ድንች ይዞ የሚበላ ልጅ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ እንግዲህ ሰውየው ሰባን አልፏል። ምስክሩ ድንቹ ብቻ ነው። እሱም ተበልቷል።

ዛሬ ከቦስተን ወይም ከሜልበርን ተነስቶ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በ1901 መዝገብ ላይ 54 ዓመቷ የሆነ ብሪጅት ያገኛል። በ1911 እዚያው ቤት ውስጥ 70 ዓመቷ የሆነ ብሪጅት አለች። የመጀመሪያዋ ሞታ ሰውየው ሌላ ብሪጅት አገባ ብሎ ይጽፋል። ኧረ አላገባም! ሚስቱ ያችው ናት። ጡረታ ወጥታ ነው።

ይባስ ብሎ መንግሥት ተጠራጥሮ የአመልካቾቹን ዕድሜ በ1841 እና በ1851 የቆጠራ መዝገቦች ያስፈትሽ ነበር። ቆጠራዎቹ በኋላ ተቃጠሉ። ለማጣራት የተሞሉት ቅጾች ግን ተረፉ። የትውልድ ሐረግ ተመራማሪዎች ዛሬ እንደ ወርቅ የሚቆፍሯቸው እነሱን ነው። ሽማግሌውን ውሸታም ለማለት የተሞላ ወረቀት የሽማግሌው ብቸኛ ሐውልት ሆኖ ቀረ።

ስለ ቃጠሎው ካነሳን አይቀር፣ በዚህ ሀገር የጠፋ ነገር ሁሉ የጠፋው በ1922 ነው። የመሬት ውል ጠፋ? 1922። የአያት ስም? 1922። እውነት ነው፣ ጁን 30 ቀን 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት በፍንዳታና በእሳት ወድሟል። የተቃጠለ ወረቀት በከተማው ላይ እንደ በረዶ ዘንቧል። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር ያኔ አለቁ። ኑዛዜ ሄደ። የአንግሊካን አጥቢያዎች የጥምቀት መዝገብም በብዛት ሄደ። ግን የእሳቱ ስም ያለአግባብ ጠፍቷል። የ1861 እና የ1871 ቆጠራዎች ከዚያ በፊት በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር። የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ቸገረ ተብሎ ተፈጭተዋል። ይህን ያደረጉት ታጣቂዎች አይደሉም። ክራባት ያሰሩ ጸሐፊዎች ናቸው። ጭስ ስላልነበረው ማንም አልዘፈነበትም።

የድሃው ካቶሊክ የክርስትና መዝገብ ግን ተረፈ። ብልህ ሰው ደብቆት እንዳይመስላችሁ። መንግሥት ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ወደ መዝገብ ቤት ሳይወስደው ቀረ። በየቄሱ ቤት እርጥበት እየጠጣ ተቀመጠ። ከ2015 ጀምሮ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ፎቶውን በኢንተርኔት በነጻ ለቆታል። መክፈት ነጻ ነው ማለቴ ነው። ማንበቡ ዕዳ አለበት። ልጁ እናቱ ጓዳ ዲርሚድ ነው። እንግሊዝኛ በሚጽፈው ሹም ዘንድ ጀረማያ ይሆናል። ቄሱ በላቲን ሲጽፉት ኤርምያስ ይሉታል። አንድ ሕፃን ጡት ሳይጥል ሦስት ሰው ሆነ።

በዚያ ላይ የስም አወጣጡ ሥርዓት አለ። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል። ሁለተኛው የእናቱን አባት፣ ሦስተኛው የአባቱን። እንግዲህ አንድ ፓትሪክ አምስት ወንዶች ልጆች ወልዶ ቢድራቸው፣ በአንድ አጥቢያ አምስት ትንንሽ ፓትሪኮች ክርስትና ይነሳሉ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ፣ አያታቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ። ቲፐረሪ ውስጥ ራያን የሚባለው ወገን ከመብዛቱ የተነሳ ቅጽል ካልተጨመረበት ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ቀዩ ራያን አለ፣ ነጩ ራያን አለ። የልጅ ልጁ ጠቁሮም ቢወለድ ቀዩ ነው። ዶኒጎል ውስጥ ያለው ዘዴ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። ልጁን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠሩታል። የቤተሰብ ስም የሚወጣው ፖሊስ ሲጠይቅ ነው።

ፖሊስ ስል ትዝ አለኝ፣ የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ቅጾችን ቤት ለቤት የሰበሰበው ፖሊስ ነበር። ሰው ቆጥሮ ቢሄድ ጥሩ። ከፊት ለፊት ስንት መስኮት አለ፣ ጣሪያው ምንድን ነው፣ የአሳማ ቤት አለ ወይ፣ የዶሮ ቤት አለ ወይ እያለ መዘገበ። ይህ ሁሉ ዛሬ ማንም ስልኩ ላይ ከፍቶ የሚያየው ነገር ነው። ለምርምር ይጠቅማል ይላሉ። እኔ እስከማየው ድረስ ዋናው ጥቅሙ ለቡና ሰዓት ነው። «እነሱ ዛሬ እንዲህ የሚንቀባረሩት፣ በ1901 እኮ አንድ መስኮት ነበረቻቸው!»

የጋብቻ መዝገቡም የራሱ ጉድ አለው። ቄሶቹ ዳር ላይ አንዳንዴ በላቲን ማስታወሻ ይጥላሉ፤ ሙሽሮቹ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ደረጃ ዘመዳሞች ናቸው፣ ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል ይላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥንት እንደኛው ሰባት ቤት ድረስ ትከለክል ነበር። በ1215 በላተራን ጉባኤ ወደ አራት አወረደችው። ደግ አደረገች። ተራራና ባሕር በከበበው አጥቢያ ሰባት ቤት ከተቆጠረ የቀረው አማራጭ ምንኩስና ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወረቀት ነው። መንደሩ ግን ወረቀት አያስፈልገውም። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን ጋር በአጥር ድንበር እንደተጣላ፣ የትኛው አጎት ለምን በሌሊት መርከብ እንደተሳፈረ ያውቃል። አለመናገርም ያውቃል።

አሜሪካዊው የተከራያትን መኪና ጭቃ ላይ አቁሞ ይወርዳል። አጥር የሚጠግን ሽማግሌ ያገኛል። ቅድመ አያቴ ከዚህ ጎጥ ነው የሄደው፣ ዘመዶቼን ፍለጋ መጣሁ ይላል። ሽማግሌው ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ ያደርጋል። ሰማይ ያያል። «እነሱ? እነሱ እኮ ሁሉም ሄደዋል። አንድም የቀረ የለም።» ቀጥሎ፣ እግረ መንገዱን እንደሚጠይቅ ሆኖ፣ «ብዙ ትቆያለህ?» ይላል። ሽማግሌው ራሱ የሰውየው ዘመድ ነው። በሦስተኛ ደረጃ። አፍንጫቸው አንድ ነው።

ክፋት አይደለም። የመሬት ነገር ነው። በ1903 በወጣው የመሬት ሕግ ብዙ ጭሰኛ የሚያርሰውን መሬት እየገዛ ባለቤት ሆነ። መሬቱ ግን ለአንድ ልጅ ነው የሚተላለፈው። የቀሩት መርከብ ይሳፈራሉ። በኪራይ መኪና የመጣው እንግዳ እንግዲህ ያ መሬት ያልደረሰው ልጅ ዘር ነው። ያውም ወረቀት ይዞ! ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ጎጃም ውስጥ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ዘሩን ቆጥሮ የደረሰ ሰው ርስት ይጠይቅ ነበር። የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የአያቶቻችሁን ስም በተራ ሲጠራ ቡና ከመቅረቡ በፊት ዳኛ ነው የሚታሰበው።

ከ1937 እስከ 1939 መንግሥት የመንደሩን አፍ ለማስከፈት ጥሩ ዘዴ ዘይዶ ነበር። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ደብተር አስይዞ ወደ አያቶቻቸው ላከ። ከ5,000 ያህል ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። ስለ መናፍስት ተናገሩ፣ ስለተቀበረ ወርቅ ተናገሩ፣ ስለ ኪንታሮት መድኃኒት ተናገሩ። እኔ ባነበብኩት ውስጥ ስለ አጥር ድንበር ትንፍሽ ያለ አያት አላገኘሁም።

ዘመዱ መሬት የማይጠይቅ ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ፕሬዚዳንት ከሆነ፣ ያኔ ዘር ከልጓም ይስባል። በ1963 ኬኔዲ ዌክስፎርድ ውስጥ ወዳለው የዘመዶቹ ግቢ ሲመጣ ሻይ ተቀድቶ ጠበቀው። «ሁሉም ሄደዋል» ያለው የለም። ሬገን በ1984 ባሊፖሪን ገባ። ቅድመ አያቱ ክርስትና የተነሳው እዚያ አጥቢያ በ1829 ነው። መንደሩ በስሙ መጠጥ ቤት ሰየመለት። በኋላ መጠጥ ቤቱ ራሱ ተነቅሎ ካሊፎርኒያ፣ ሬገን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተተከለ። አየርላንድ ለሁለት መቶ ዓመት ልጆቿን ወደ አሜሪካ ስትልክ ኖራ በመጨረሻ መጠጥ ቤቱንም ላከች።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን መኒጎል ነው። ሦስት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። በ1850 ከዚያ ወደ አሜሪካ የሄደ ፋልመዝ ካርኒ የሚባል የጫማ ሰሪ ልጅ ነበር። ባራክ ኦባማ በእናቱ በኩል አምስት ትውልድ ሲወጣ የሚያገኘው እሱን ነው። በኛ ሰባት ቤት ከሄድን ገና ጋብቻ የማይፈቀድበት ቅርብ ዘመድ! በሜይ 2011 ኦባማ መጣ፣ ቢራ ጠጣ፣ ደብሊን ላይ ቆሞም ከስማችን ላይ የጠፋችውን ጭረት ፍለጋ ነው የመጣሁት ብሎ ቀለደ። ኦ'ሱሊቫን፣ ኦ'ብራየን፣ ኦ'ባማ ማለቱ ነው። በ2014 አውራ ጎዳናው ዳር በስሙ ነዳጅ ማደያ ተከፈተ። ቡና አለ፣ በርገር አለ፣ ሽንት ቤት አለ። የኬንያው የአባቱ ወገን እስኪሰማ ድረስ የመንደሩ ልጅ ሆኗል።

የተሳሳተ ዘመድም ችግር የለውም፣ በደንብ ከተከበረ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1892 የኒውዮርኩ የኤሊስ ደሴት የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ገቢ አኒ ሙር የምትባል የኮርክ ልጅ ነበረች። ጋዜጦች 15 ዓመቷ ነው አሉ፤ 17 ነበረች። (ወደ ታች መቀነስም አለ ለካ።) ከዚያ ወደ ምዕራብ ሄዳ ቴክሳስ ውስጥ ሞተች ተብሎ ለዓመታት ተተረከ። የቴክሳሷ አኒ ዘሮች የክብር እንግዳ እየሆኑ በየበዓሉ ተጋበዙ። በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ ሴትዮ ኢሊኖይ የተወለደች አሜሪካዊት ሆና ተገኘች። እውነተኛዋ አኒ ከኒውዮርክ ሳትርቅ ኖራ በ1924 አርፋለች።

መንግሥትም ዕድሉን ሞክሯል። በ2011 ለውጭ ተወላጆች «አየርላንዳዊ ዘር አለህ» የሚል የምስክር ወረቀት መሸጥ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ዘሬ አየርላንዳዊ ነው የሚል ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ። የተሸጠው ከ3,000 ያነሰ ነው። በ2015 ተዘጋ። ሰው ዘሩን በነጻ ሲያወራ ኖሮ ድንገት ክፈል ሲሉት ቅር ይለዋል።

የአጥቢያው ታሪክ መጽሐፍ ግን ይሸጣል። አንድ ወፍራም መጽሐፍ የሌለው አጥቢያ ማግኘት ይከብዳል። በምረቃው ቀን ሕዝቡ ከገጽ አንድ አይጀምርም። ከኋላ፣ ከስም ማውጫው ነው የሚጀምረው። ስሙን ያጣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይገዛ ይወጣል። ስሙን ያገኘም ያኮርፋል፤ ጎረቤቱ ሁለት መስመር በልጦታል። መሃል ላይ የድሮ የስፖርት ቡድን ፎቶ አለ። ከሁለተኛው ረድፍ ከግራ አራተኛው «ያልታወቀ» ይላል። በማግስቱ ስልክ ይደወላል። አጎቴ ነው የሚል ሰባት ሰው ይገኛል። ሰባቱም የየራሳቸውን አጎት ነው የሚሉት።

ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ብዙውን ጊዜም መጤ ነው። መጤ ሲባል እንደኔ ባሕር አቋርጦ የመጣ አይምሰላችሁ። ከጎረቤት አጥቢያ፣ ከአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣ ነው። አርባ ዓመት እዚህ ኖሯል። አግብቷል፣ ወልዷል፣ የሀገሩን ልጆች ሁሉ ፊደል አስቆጥሯል። የሁለት መቶ ዓመት ዘራቸውን ለቅሞ፣ ከአይጥና ከላቲን አስጥሎ፣ ጠርዞ አስረክቧቸዋል። ዲሴምበር ሲገባ ያ አጥር ጠጋኝ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያቆመውና ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል።

«እህ፣ መምህር፣ ዘንድሮስ ለገና ሀገርህ ትገባለህ?»