የሊሬውን ኖት አትርሱት

የቅኝ ግዛት ዘመን የአፍሪካ ገንዘቦችን ስለሚሰበስቡ ሰዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ የኛን አካባቢ መዝለሉ ቅር አሰኘኝ። አገራችን ኢትዮጵያ በወረራ እንጂ በቅኝ ግዛት ባትያዝም፣ ወራሪው ጣሊያን የራሱን የወረቀት ገንዘብ ይዞ ነው የመጣው። የጣሊያን ባንክ በ1938 እና 1939 እ.ኤ.አ. ባለ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ ኖቶች አውጥቷል። ኖቱን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት የጣሊያን ኖት ነው፤ ግን በላዩ ላይ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ዕትም» የሚል የጣሊያንኛ ጽሑፍ በቀይ ታትሞበታል። ሰዉ ግን ልቡ ያለው ጠገራ ብሩ (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ላይ ነበር።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ገንዘቡ የተቀያየረበት ፍጥነት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ባንክ ኖት፣ ከዚያ ሊሬ፣ ከ1941 በኋላ እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ በ1945 ደግሞ የራሳችን አዲስ ብር። 13 ዓመት ብቻ! ለሰብሳቢ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

በቤተሰብ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ኖት ካገኛችሁ እባካችሁ አትጠቡት፣ ካውያም አታሳርፉበት። የተቀደደውንም በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ወረቀቱን ይበላዋል። አዘጋጆቹም በዚህ ላይ ፎቶ ያለው ጽሑፍ ብትሠሩልን ደስ ይለናል።