ግራዝማች ገላቸውን አይታጠቡም

ጎንደር ውስጥ ከውሃ የሚሸሽ ፍጡር ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የተሞላው የፋሲል መዋኛ ተባርኮ ሳያበቃ ጎረምሳው ከግንቡና ከዛፉ ላይ እየዘለለ ይገባበታል። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ቢሆንም «ለእኔ ነገ ይሁንልኝ» የሚል የለም። በዚህች ከተማ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየለመነው አንዲት ጠብታ እንዳትነካው የሚሟገት አንድ ነዋሪ አለ። የሚኖረው እኔ ቤት ነው።

በቀቀን ነው። የባለቤቴ ወንድም አብሯቸው ይሠራ የነበሩ የውጭ አገር ሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእሱ ተዉለት፤ እሱ ደግሞ ለእኛ ተወልን። ላባው አመድማ፣ ጭራው እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ዘሩ ከመካከለኛውና ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች ነው፤ ከዱር እየተያዘ ከአገር አገር እንዳይነገድ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። እኛም አገር ግንባሩ ቢጫ የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ በቀቀን አለን። እሱ ግን ብልህ ነው፤ ዛፉ ላይ ተቀምጧል፣ አማት የለበትም።

ግራጫ ስለሆነ «ግራዝማች» አልነው። በማግስቱ አማቴ «ግራዝማች ተብሎ አንተ አይባልም» ብለው ደነገጉ። ማዕረጉ በጦር ሜዳ የግራ ክንፍ አዛዥ ማለት ነው፤ የእኛው ደግሞ ቀኙንም ራሳቸው ያዝዛሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንቱታ ነው የምንኖረው። እኔ በቤቴ አንተ የምባለው ብቸኛ ወንድ ነኝ።

የመታጠቡ ነገር የመጣው ከዱቄቱ ነው። የዚህ ዘር በቀቀን ከቆዳው አጠገብ ያለው ለስላሳ ላባ ጫፉ እየተፈረፈረ ነጭ ብናኝ ይሆናል፤ ላባውን የሚንከባከበውም በእሱ ነው። ለወፉ መልካም ነገር ነው። ለቴሌቪዥኑ ግን አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል። በዚያ ላይ ግራዝማች የዝናብ ደን ዘር ናቸው፤ የጎንደር የበጋ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። ጎረቤታችን የእንስሳት ሐኪም ነውና «በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ቢያገኙ ላባቸውም ቆዳቸውም ይለሰልሳል» አለን። ውሃ ብቻ፣ ለብ ያለ፣ ያለ ሳሙና።

ችግሩ ይህ ቤት «እንቢ» የሚለውን ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ «ደግማችሁ ለምኑኝ» በሚለው። እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል ምግብ ይቀርባል። «በቃኝ» ሲል ጭልፋው ይመጣል። እጁን በእንጀራው ላይ ጋርዶ ሲከላከል ወጡ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ እኔ ልሙት! ወፍ ለማጠብ የተነሣነው በዚህ ሥርዓት ያደግን ሰዎች ነን።

በመጀመሪያው ቀን አማቴ በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ አቅርበው «ግራዝማች፣ በሞቴ» አሉ። ግራዝማች ሳህኑን በአንድ ዓይናቸው አዩት። አንገታቸውን አዙረው በሌላኛው አዩት። ከዚያ ጠርዙን በመንቁራቸው ነክሰው ገለበጡት። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያ ሳህን የጀሪካኑ መጨረሻ ነበር። ባለቤቴ የፈሰሰውን ስትወለውል ያየችው እኔን ነው፤ ለምን እኔን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወሬው ሲሰማ መካሪው በረከተ። አንዱ ቧንቧ ሥር አንገታቸውን ይዘን እንድንከፍትባቸው አዘዘ። የጓሮዋ እማሆይ ጠበል ይዘው መጡ፤ ግራዝማች አልገለበጡባቸውም፣ ጀርባቸውን ብቻ ሰጧቸው። ሐኪሙ ከሁሉም የተለየ ነገር ተናገረ፦ ልብስ ሲተኮስ ውሃ በሚረጭበት ጠርሙስ፣ ፊታቸውን ሳትነኩ፣ ከላያቸው እንደ ካፊያ እንዲወርድ አድርጉ፤ ሳይመሽ እንዲደርቁም ፀሐይ ሞቅ ሲል ይሁን፤ ከሸሹ አቁሙ።

«ከሸሹ አቁሙ» የሚለው ቤቱን አናወጠው።

«አንዴ እንቢ ካሉ መተው ነው?» አሉ አማቴ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይራቡ?»

«የምናወራው ስለ መታጠብ ነው።»

«ያው ነው።»

ግራዝማች እስከዚያ ድረስ ከእኛ ቋንቋ የተማሩት የበሩን ሲጥታ ብቻ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን ልጄ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ስታስታጥብ ከላይ ሆነው ይመለከታሉ። እንግዳ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ ጋሼ ጎረቤታችን፣ «ግድ የለም፣ አትልፉ» ይላል። ግራዝማች ይህ ቃል ውሃ በቀረበ ቁጥር እንደሚነገር አስተዋሉ። አንድ እሑድ የመርጫውን ጠርሙስ ሳነሣ፣ በጋሼ ድምፅ፣ የጋሼን ሳል ሳይቀር ጨምረው፣ «ግድ የለም፣ አትልፉ» አሉኝ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጋሼ ቃሉን ሲናገሩ እጃቸው ቀድሞ ሳፋው ላይ ደርሷል። ግራዝማች የምራቸውን ነው።

ጣት ላይ መውጣቱም ከዚህ አይሻልም። ሐኪሙ እንዳሳየን አመልካች ጣትን አግድም ዘርግቶ ከእግራቸው በላይ፣ ከሆዳቸው በታች ማስጠጋትና ረጋ ብሎ «ውጡ» ማለት ነው። ሲወጡ ወዲያው አንዲት የሱፍ ፍሬ። ቀላል ይመስላል። ግራዝማች ግን ከመውጣታቸው በፊት ጣቴን በመንቁራቸው ያዝ ያደርጋሉ። እኔም እጄን እነጥቃለሁ። ለካስ መንከስ አልነበረም! መንቁር ለበቀቀን ሦስተኛ እግር ነው፤ ሽማግሌ ጅረት ሲሻገር ድንጋዩ ይነቃነቅ እንደሆነ አስቀድሞ በከዘራው እንደሚነካው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ከዘራውን ባሳረፈ ቁጥር እሸሽ የነበርኩት ድንጋይ ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግራዝማች አንድ ቁም ነገር ተማሩ፦ ይህ ሰውዬ አፍ ሲያይ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በእውነት መንከስ ጀመሩ።

የዕጣኑን ጠብ በአጭሩ ልለፈው። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም፤ ቡናውም ቢሆን አይቀመስለትም፣ ያሳምመዋል። ስለዚህ ማጨሻው ወደ በረንዳ ተሰደደ። አማቴ ለሦስት ቀን «ለወፍ ተብሎ ያለ ዕጣን ቡና» እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አሰሙ። አሁን እሳቸው ሳሎን ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ዕጣኑ ብቻውን በረንዳ ላይ ይጨሳል፤ መንገደኛው እያሸተተ ቤታችን የሚገባ ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ የገቡት ግን የነፍስ አባታችን ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ከማፍላቷ በፊት ሲኒዎቹን በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ሲኒው ከሲኒ ይጋጫል። ሁላችንም አባን እያጫወትን ነበርና የጎጆውን በር ክፍት መሆን ልብ ያለ አልነበረም።

ግራዝማች ወረዱ። በምንጣፉ ላይ እያነከሱ መጡ፤ ሲራመዱ እንደ ሸመገለ ባላባት ነው። ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆሙ። መንቁራቸውን ነከር አደረጉ። ከዚያ ደረታቸውን ነከሩ፣ ላባቸውን እንደ ተበጠሰ ትራስ ነፉና ሁለቱንም ክንፍ አራገቡት። ሲኒ ተንከባለለ። የአባ ጋቢ ከደረት በታች ራሰ። አማቴ «በሞ...» ብለው ጀመሩ፤ ባለቤቴ አፋቸውን በነጠላዋ ከደነችው። በዚያ ቤት አማት አፍ ላይ ነጠላ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። ለአራት ደቂቃ ያህል ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልለመነም፣ አባ እንኳን አላማተቡም።

ሲጠግቡ የረጠበው ላባቸው ከበዳቸውና መብረር አቃታቸው። ዙሪያውን አዩ። መቋሚያውን በመንቁራቸው ያዝ አደረጉት፤ አልተነቃነቀም፣ አልሸሸም። አባ እጃቸው የጸና ሰው ናቸው። በመንቁር አንድ፣ በእግር አንድ፣ እንደገና በመንቁር፣ ግራና ቀኝ ቀንድ እስካለው ጫፉ ድረስ ወጥተው እየተንጠባጠቡ ተቀመጡ።

እኔ ዕድሌን ልሞክር ብዬ ተነሣሁና ጣቴን ዘረጋሁ።

«ግድ የለም፣ አትልፉ» አሉኝ ግራዝማች። ሳሉንም አልረሱትም።

አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። አባ ለሰርክ ጸሎት መድረስ ነበረባቸው፤ መቋሚያቸውን ያገኙት ግን በረካው ከተጠጣ በኋላ ነው።