ከስታዲየሙ ውጭ የነበረውም ይመዝገብ

ስለ ትልልቅ ውድድሮች ትዝታ የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ጸሐፊው ነዋሪዎች ውድድሮቹን እንዴት እንዳሳለፉ ራሳቸው ይሰብስቡ፣ ራሳቸው ያኑሩ ማለታቸው ልክ ነው። ለእኛ ለባሕር ዳሮች ግን እየረፈደብን ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 የረቱት እዚሁ ነው። ውጤቱን የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ዕለቱ ግን ማክሰኞ ነበር፤ ሱቁን ዘግቶ የሄደው ማን ነው? ባጃጁን አቁሞ በእግሩ የገሰገሰውስ? ቲኬት ያጣው ሰው ጎሉን ያወቀው ከሬዲዮ ነው ወይስ ከስታዲየሙ ጩኸት? ይህን ፌዴሬሽን አይጽፍልንም።

በኋላ ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ ታገደ፤ ቡድናችንም «የሜዳውን» ጨዋታ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ ድረስ ሄዶ ተጫወተ። (ዓባይ ማዶ ቢሆን እንኳ በታገሥን!) ስለዚህ ያለን ትዝታ ሳይበተን ይያዝ።

ፎቶውን በቴሌግራም እንሰብስብ በሚለው የጸሐፊው ሐሳብ ግን አልስማማም። በተለመደው መንገድ ሲላክ ምስሉ ጥራቱን ያጣል፤ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም አብሮት አይመጣም። ግድ ከሆነ በፋይል መልክ ይላክ፤ ማን እንዳነሣው፣ የት ቆሞ እንደነበረና ለሕዝብ ማሳየት ይፈቀድ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። ድምፅ የምትቀዱ ልጆችም የደጋፊ ማኅበር መሪዎችን ብቻ አታሳድዱ። በስታዲየሙ ዙሪያ ቡና የሚያፈሉትን እናቶች ጠይቁ፤ ሰው ከጨዋታ በፊት ምን ሲል እንደነበር፣ ከጨዋታ በኋላም ማን ሳይከፍል እንደሄደ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።