ውዳሴ ስልጠና

እንደ ዩኒቨርሲቲ አመራር የሰለጠነ ሕዝብ አገራችን ውስጥ የለም። ዲግሪውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ድሮ አለቀ። የአቅም ግንባታውን ነው የምላችሁ። ዲኑ ሰልጥኗል። ምክትል ዲኑ ሰልጥኗል። የጥራት ማረጋገጫ ዳይሬክተሩማ ሰልጥኖ ሰልጥኖ አሁን አሰልጣኝ ሆኗል። ይሄን እያዩ "ታዲያ ምን ለውጥ መጣ?" የሚሉ አፈኞች አይጠፉም። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት።

ከቦታው ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ ሁሉ አዳራሽ አለው። ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ኪራይ አይጠየቅበትም። ታዲያ እዚያ ተቀምጦ ማን ይሰለጥናል? ግቢ ውስጥ አልገባ ያለ ነገር እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲደርስ ቁልጭ ብሎ ይገባል። ካልሆነ ቡራዩ አለ፣ ሰበታ አለ። (አሁን ሦስቱም ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። አበሉን እንዳይነካብን ብሎ የተሳለ አይጠፋም።) ቶሎ ማለቅ ያለበት ገንዘብ ሲኖር ደግሞ የፍጥነት መንገዱን ይዞ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር። በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ግንቦት ሲገባ የአመራሩ የአቅም ክፍተት በድንገት ለምን እንደሚሰፋ ሊቃውንቱ ቢያጠኑልን ደስ ይለኛል።

አንዳንዱ "የሚወጡት ለንጹህ አየር ነው" ይላል። ሌላው "ለአበሉ ነው" ይላል። እኔ በአበል አልቀልድም። የመምህር ደሞዝ ወሩ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው በአበል አይቀልድም።

ሱሉልታ ሌላም በረከት አላት። ማለዳ ከሎጁ አጥር ውጪ ሯጮቻችን በዚያ ብርድ ይለማመዳሉ። ሰልጣኞቻችንም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ከፍታ ላይ፣ የእንቁላል ፍርፍር ሰልፍ ይዘዋል። ሁለቱም ስልጠና ነው። የአንደኛው ውጤት በሰዓት ይለካል፣ የሌላኛው በፊርማ።

ፊርማዋን አትናቋት። የስልጠናው እምብርት እሷ ናት። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ። ወረቀቷ አዳራሹን መዞር ስትጀምር ያንቀላፋው ይነቃል። በረንዳ ላይ ስልክ የሚያወራው ይገባል። የወንዝ ልጅ ላልመጣው ወንድሙ ይፈርማል፣ ያውም እስክርቢቶ ቀይሮ።

የሚከፈተው በክብር እንግዳ ነው። ክቡርነታቸው አራት ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ። ስልጠናው ወቅታዊ መሆኑን ይናገራሉ፣ "መሬት ላይ እንዲወርድ" አደራ ይላሉ፣ ከዚያ ሌላ ስልጠና ሊከፍቱ ይሄዳሉ። እሳቸው ሲወጡ ሻይ ይደርሳል። ከሻይ መልስ የአሰልጣኙ ፍላሽ አልከፍት ይላል። ፍላሹ ሲከፍት ፕሮጀክተሩ ያኮርፋል። ይሄኔ አሰልጣኙ ያቺን ብልሃቱን ያወጣታል። "ዕቃው እስኪስተካከል ትንሽ እንነቃቃ! ሁላችንም ብድግ!"

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። በአንድ ጣት መዳፍን መታ መታ ማድረግ ካፊያ ነው። በሁለት ጣት ሲሆን ይጠነክራል። በአምስት ጣት ዶፍ ነው። አንድ ፕሮፌሰር አሉ እንበል፤ ሽበታቸው የሚያስፈራ፣ ተማሪ ፊት ፈገግ ብለው የማያውቁ፣ መመረቂያ ጽሑፍ ሲገመግሙ እጩውን ላብ በላብ የሚያደርጉ። እሳቸው ጣታቸውን እየጨመሩ ዝናብ ያዘንባሉ። "ነጎድጓድ!" ሲባል ጠረጴዛውን በጡጫ ይሉታል። የታሸገው ውሃ ይወድቃል፣ ከረሜላው ይበተናል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በአምስቱም ቀን ውስጥ የታቀደውና የተገኘው ውጤት እኩል የሆነው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ይዘቱስ ቢሉ፣ ያስቀናል። አንድ አንጋፋ የኮሌጅ ሰው ያየውን ማን አይቷል? ቢፒአር (የአሠራር ሂደትን ከሥሩ መለወጥ) ሲመጣ ሰልጥኗል። ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) ሲመጣ ሰልጥኗል። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ለካይዘንም፣ ለጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ሰልጥኗል። የለውጥ ሠራዊት ሆኗል፣ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፣ ዴሊቨሮሎጂ የሚባለውንም ምላሱ ሳይጠላለፍ አልፎታል። አንዱን ሳይጀምረው ሌላው ስለሚደርስለት አንዱም ወድቆበት አያውቅም። የካይዘንን አምስት "ማ"ዎች ዛሬም በቃሉ ይወጣቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ማጣራቱ ላይ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። ቁምሳጥኑ የስልጠና ቦርሳ ሞልቶት አልዘጋ ብሏል። የካይዘኑ ሰነድ ከቦርሳዎቹ በአንዱ ውስጥ አለ። በየትኛው እንደሆነ ነው ያልታወቀው።

ከዚህ ሁሉ ደስታ መሃል አሰልቺ ስልጠናም አይጠፋም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለመምህራን የሚሰጠውን ሃየር ዲፕሎማ ውሰዱት። አንድ ዓመት ይፈጃል። ያውም እዚያው ግቢ ውስጥ! መምህሩ ክፍሉን ሳይተው በየሳምንቱ ይሰበሰባል። ሲያስተምር ባልደረባው ከኋላ ተቀምጦ ይታዘበዋል። የገዛ ክፍሉን ችግር አንስቶ ተግባራዊ ምርምር ይሠራል፣ የሠራውን በፋይል ያጠናቅራል። ሐይቅ የለ፣ ቡፌ የለ፣ የክብር እንግዳ የለ። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? በደንብ ለማስተማር። አመራሩ ለምን እንዳልተሻማበት አሁን ገባችሁ?

ማስተማር ካነሳን አይቀር፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ሬሜዲያል፣ ማለፊያውን ላላመጡ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ መጣ፤ የመውጫ ፈተናም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ቾክ ከያዘ ዓመት ያልሞላው ጀማሪ መምህር የሬሜዲያል ክፍል ተሰጠው። እነዚህን ልጆች በአራት ወር እንዴት እንደሚያደርሳቸው የሚነግረው ሰው ፈለገ። ስልጠናማ ነበረ እኮ። ዲኑና ሁለት ዳይሬክተሮች ሄደውበታል። ሲመለሱም አልነፈጉትም፣ "ካስኬድ" አደረጉለት። ማለትም ፓወር ፖይንቱን በቴሌግራም ላኩለት። ፊደሉ ስልኩ ላይ ስላልነበረ ግማሹ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ተከፈተለት። ሌላው ግማሽ የጋራ ፎቶ ነው።

በመጨረሻው ቀን መጠይቅ ይሞላል። ምን ይሻሻል? "ቀኑ ይራዘም።"

ከሁሉ በላይ ግን ሊመሰገን የሚገባው ሱሉልታ ያልሄደው ሰልጣኝ ነው። ሰኞ ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው መኪና የመጣ ምሩቅ አለ። ክሊራንሱ ላይ የቀረችው የዲኑ ፊርማ ናት። የሚያመለክትበት የሥራ ማስታወቂያ አርብ ይዘጋል።

"እህቴ፣ ዶክተር አሉ?"

"ስልጠና ላይ ናቸው።"

"ተወካያቸውስ?"

"እሳቸውም አብረው ሄደዋል፣ ወንድሜ።"

"መቼ ነው የሚገቡት?"

"አርብ ይጨርሳሉ። አርብ ከሰዓት ግን ማን ይገባል?"

ልጁ ኮተቤ አጎቱ ቤት እያደረ ተመላለሰ። ማክሰኞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዜጎች ቻርተር አነበበ። "ክሊራንስ መፈረም፦ 10 ደቂቃ" ይላል። ረቡዕ ደግሞ አነበበው፣ ምናልባት ቢቀየር ብሎ ይሆናል። ሐሙስ ጸሐፊዋ አዝናለት ወንበር ሰጠችው። ዲኑ ጋ ደወለችላቸው። አላነሱም፤ አዳራሹ ውስጥ ስልክ ማንሳት በስልጠናው ደንብ የተከለከለ ነው። ለደንብ እንዲህ ያለ ታማኝነት ከየት ይገኛል?

አርብ ከምሳ በኋላ ሎጁ ውስጥ ሰርተፍኬት ሲታደል ልጁ ላምበረት መናኸሪያ ወረፋ ይዞ ነበር። አምስቱንም ቀን ቆሞ ሰልጥኗል። ትዕግስቱን ላየው የአቅም ክፍተት የለበትም። አበል አልጠየቀም፣ ሻይ አልጠጣም። ሰርተፍኬት ግን አልተሰጠውም። ፊርማውም እንደዚያው።