የማቱሳላ ዕድሜና የጡረታ ሂሳብ

አዳማ ውስጥ በሠርግ ድንኳን ሥር ለምርቃት የተነሣ ሽማግሌ «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጣችሁ» ሳይል አይቀመጥም፤ ሙሽሮቹም ምን እንደተመኘላቸው ሳያሰሉ «አሜን» ይላሉ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 ማቱሳላ 969 ዓመት እንደኖረ ይነግረናል፤ ወንዶችንም ሴቶችንም ከመውለዱ በቀር ግን ያን ሁሉ ዘመን በምን ሥራ እንዳሳለፈው አንድ ቃል አልተጻፈም። በ187 ዓመቱ ላሜሕን፣ ላሜሕም በ182 ዓመቱ ኖኅን መውለዱን፣ የጥፋት ውኃም የመጣው ኖኅ 600 ዓመት ሲሞላው መሆኑን የደመረ ሰው፣ ማቱሳላ ያረፈው በዚያው በጥፋት ውኃ ዓመት መሆኑን ይደርስበታል። እንግዲህ መራቂያችን ለሙሽሮቹ የለመኑላቸው የ969 ዓመት የቤት ኪራይና በመጨረሻም ጎርፍ ነው። «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» የሚለው በበኩሌ ይሻለኛል፤ ሣራ በ127 ዓመቷ ዐርፋለች፣ ልክ አላት።

ምርቃቱ ሠምሮለት በእርግጥ ያረጀ ሰው ደግሞ በዚያው ድንኳን «ጉድጓዱ የተማሰ፣ ልጡ የተራሰ» ተብሎ ይታማል። አባባሉ አስከሬን በልጥ ታስሮ ይቀበር ከነበረበት ጊዜ የመጣ ነው፤ ልጥ ደረቁን ስለማይታዘዝ አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይነከራል። አዛውንቱ ጥብሳቸውን ገና ሳይጨርሱ፣ ጎን ለጎን የተቀመጠው ጎረቤታቸው ልጡን ነክሮ ጨርሷል ማለት ነው።

አዛውንቱም ቢሆኑ ዕድሜያቸውን እንደ ጉዳዩ ያወጡታል ያገቡታል። በዕድር ስብሰባ የፊት ወንበር ሲፈለግ «ጣልያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ» ይላሉ፤ ጣልያን የገባው በ1928 ነውና በዚህ ሂሳብ ዘጠናን ካለፉ ቆይተዋል። ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤታቸው የሰው ኃይል ክፍል ሲቀርቡ ግን፣ ጡረታ የሚወጣው በ60 ስለሆነ፣ ገና 57 ናቸው። ለዚህ ምስክር እንዲሆን ቅዳሜ የተቀቡት የፀጉር ቀለም በአዳማ ሙቀት ከላብ ጋር ወርዶ የነጭ ሸሚዛቸውን ኮሌታ አጥቁሮታል። ፋይሉን የምታገላብጠው ልጅ ቀና ብላ «አባባ፣ አረፍ ይበሉ» ስትላቸው፣ «የማን አባባ ነኝ?» ብለው ይቆጧታል፤ ወንበሩን ግን ስበው ይቀመጡበታል።