ይሰርዙ፤ ግን አንብበው ይሰርዙ

በሐምሌ 2013 አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ በአማርኛ ለጠፈ። የሕወሓት ታጣቂዎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞች ሰው ገድለዋል፣ ሴት ደፍረዋል፣ ንብረት ዘርፈዋል አለ። እዚያ ላይ ግን አላቆመም። የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሲቪሎችም ተባብረዋቸዋል ብሎ ጨመረ። ይህን የሰማሁት ከነዋሪዎች ነው ሲል ጻፈ።

የልጥፉን ጉዞ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አማርኛ የሚለይ ማሽን ጠረጠረውና ወደ ሰው መራው። አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አይቶ አጠፋው። ሰውየው ይግባኝ አለ። ሌላ ሠራተኛ አየና ይጥፋ ብሎ አጸናው። ሰውየው አሁንም አልተወም፣ ወደ ኦቨርሳይት ቦርድ አመለከተ። ቦርዱ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን የሜታን ውሳኔዎች እንደገና እንዲመረምር ራሱ ሜታ ያቋቋመው አካል ነው። ቦርዱ ጉዳዩን ሲይዘው ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ። ተሳስቼ ነበር ብሎ በነሐሴ ልጥፉን መለሰው። በታኅሣሥ 2014 ደግሞ ቦርዱ የመጀመሪያው ውሳኔ ልክ ነበር፣ አውርዱት አለ።

ወረደ፣ ተመለሰ፣ ወረደ። በመሀሉ ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጦርነት አለፈ።

እኔ ልጥፉ መውረድ ነበረበት ከሚሉት ነኝ። ታጣቂን መክሰስ አንድ ነገር ነው። በጦርነት መሀል ባልተጣራ ወሬ ጎረቤትን በብሔሩ መጠቆም ሌላ ነው። ያ ጎረቤት ነገ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። የተጻፈበትን አያውቅም፤ ያነበቡት ግን ያውቁታል።

እንዲህ ስል ሁልጊዜ የሚመጣብኝ መልስ «ታዲያ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የት ሄደ?» የሚል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ይጠቀስልኛል። አንቀጹ ሰው በመረጠው የማሰራጫ ዘዴ ሐሳቡን መግለጽ እንደሚችል ይናገራል። እውነት ነው። ግን ጋዜጣ መምረጥ እችላለሁ እንጂ አዘጋጁን አትምልኝ ብዬ ላስገድደው አልችልም። አሜሪካ ያሉ ወዳጆቼ ደግሞ ፈርስት አመንድመንትን፣ የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀውን የሕገ መንግሥታቸውን የመጀመሪያ ማሻሻያ ያነሳሉ። እሱም ቢሆን እጅ የሚያስረው የመንግሥትን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ድረ ገጾች ጽሑፍ እንዳይሰርዙ ስለሚገድቡት የፍሎሪዳና የቴክሳስ ሕጎች ሲናገር፣ ድረ ገጾች የትኛውን ጽሑፍ እንደሚያስተናግዱ መምረጣቸው ራሱ የመናገር ነፃነት እንደሆነ ገልጿል። የግል ድረ ገጽ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ቤቴ ውስጥ ይህ አይባልም ማለት ይችላል።

ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ አለን፣ አድሚኑ እኔ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን የለጠፈውን ነገር አጠፋሁ። ብሔር ጠርቶ የሚሳደብ ነበር። ዛሬም ቢሆን አጠፋዋለሁ። ማታ ደወለልኝ። «አንተ ማን ሆነህ ነው አፌን የምትዘጋው?» አለኝ። ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ያለኝ ነገር ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። «እሺ አጥፋው፤ ለምን እንዳጠፋኸው እንኳ አንድ መስመር አትጽፍልኝም?» አለኝ። አልጻፍኩለትም ነበር። በዚህ እሱ ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀይሯል። መሰረዝ መብታቸው ነው ወይ ብዬ አልከራከርም። የምጠይቀው አንብበውታል ወይ ብዬ ነው። ምክንያቱንስ በሚገባን ቋንቋ ነግረውናል ወይ?

የአሜሪካኖቹ ክርክር ከኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሜታ አለቃ ማርክ ዙከርበርግ በ2017 በኛ የገና ዕለት ወጥቶ፣ ስህተቱም ሳንሱሩም በዝቷል በማለት አሜሪካ ውስጥ መረጃ ከሚያጣሩለት ድርጅቶች ጋር የሚሠራውን ሥራ እንደሚያቆም ተናገረ። እነሱ ከመጠን በላይ ታየን እያሉ ነው። እኛን መቼ በቅጡ አይተውን ያውቃሉ? ኒውዮርክ ታይምስ በጥቅምት 2014 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ከተያዘው የሥራ ሰዓት በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ እንደተመደበ ያሳያሉ። ለቀረው ዓለም በሙሉ 13 በመቶ። በየቀኑ ፌስቡክን ከሚጠቀመው ሰው ውስጥ ግን የሰሜን አሜሪካው 10 በመቶ ብቻ ነበር። ኩባንያው ቁጥሩ ሙሉ አይደለም፣ የውጭ አጣሪዎቼን አይጨምርም ብሎ መልሷል። ይሁን እንበል። ቢጨመሩስ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለትግርኛ፣ ለአፋርኛ ስንት ሰው ይደርሳል?

አማርኛ ደግሞ ለማሽን ቀላል አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ ስንናገራቸው አንድ ናቸው። ሰ እና ሠም እንደዚያው። አንድ ስድብ ከታገደ አንዷን ፊደል ቀይሮ መጻፍ ነው፣ አንባቢው ያው ይገባዋል። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። በዚህ ላይ ሰምና ወርቅ አለ። ስድብ የሌለበት፣ ለስላሳ የሚመስል አረፍተ ነገር ሊገድል ይችላል። ሰሙን ማሽን ይለቅመዋል፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰው ነው።

ያ ሰው ማን ነበር? ለዓመታት የኛን ቋንቋዎች ሲያነቡ የነበሩት ናይሮቢ ውስጥ ለሜታ ይሠራ በነበረ ሳማ በሚባል ድርጅት የተቀጠሩ ወጣቶች ናቸው። ታይም መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው አንዳንዶቹ እጃቸው ላይ የሚደርሰው በሰዓት 1.50 ዶላር ገደማ ነበር። ለዚያ ብለው ቀኑን ሙሉ የተቆረጠ አካል ሲያዩ ይውላሉ። ሳማ በቀጣዩ ዓመት ሥራውን ተወው።

የማያነብ ቤት ሁለት ጊዜ ይበድላል። ንጹሑን ያጠፋል፣ ገዳዩን ይተዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መአረግ አማረን ያየ ይህን ይረዳል። በመስከረም 2014 መጨረሻ ፎቷቸውንና የሥራ ቦታቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ልጥፎች ፌስቡክ ላይ ወጡ። ልጃቸው ደጋግሜ ሪፖርት አድርጌ ነበር ይላል። ጥቅምት 24 ቀን ታጣቂዎች ደጃቸው ላይ ተኩሰው ገደሏቸው። ከኩባንያው ልጥፉ ደንብ ይጥሳል የሚል መልስ የመጣው ከሞቱ በኋላ መሆኑን ልጁ ይናገራል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው መንግሥት ይቆጣጠረዋ!» ሊል ይችላል። ስሜቱ ይገባኛል። ግን እሱንም አይተነዋል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ሐሰተኛ ነው የሚለው ማን ነው? የመንግሥትን እጅ ደግሞ በየካቲት 2015 ቤተ ክርስቲያን ችግር ውስጥ በገባች ጊዜ አየነው። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘጉ። የተከፈቱት በሐምሌ ነው። አንድ መጥፎ ልጥፍ ለማጥፋት የሁሉም ሰው አፍ ተዘጋ።

ሌላ መንገድ ግን አለ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ምን ይሰረዝ የሚለውን በአብዛኛው ለባለቤቱ ይተወዋል። ሲሰርዝ ግን ምክንያቱን እንዲናገር፣ ቅሬታ እንዲቀበል፣ ካልተስማሙም ከፍርድ ቤት ውጭ ገለልተኛ አካል ዘንድ እንዲቀርብ ያስገድደዋል። ፍራንክፈርት የምትኖር እህት የአማርኛ ልጥፏ ቢጠፋ ይህን ሁሉ መጠየቅ ትችላለች። ደሴ ያለው ወንድሟ ያንኑ ጽሑፍ ቢጽፍ ይህ መብት የለውም። ቋንቋው አንድ፣ ድረ ገጹ አንድ፣ ጽሑፉም አንድ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የእኛ አዋጅ ቢሻሻል ከቅጣቱ በፊት ይህ ይግባበት እላለሁ። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ለመጻፍ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም።

የፕሮፌሰሩ ልጅ ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሷል። ኩባንያው ጉዳዩ የኬንያን ፍርድ ቤት አይመለከትም ብሎ ተከራክሮ ነበር። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ይመለከተኛል አለ። ከሳሾቹ ለተጎጂዎች ካሳ ይጠይቃሉ። ከካሳው ጎን ያለውን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። የምሥራቅ አፍሪካን ቋንቋዎች የሚያነቡ በቂ ሰዎች ይቀጠሩ ይላል።